ስለ ሸክላ፣ ስለ ስልክና ስለ ጠፋው ስም

ባለፈው እትማችን ላይ አንድ ጓደኛችን «ሸክላ ይመለስ» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ በየመኝታ ክፍሉ ተቀባብለን አንብበነዋል። ያላነበበ ቢኖር ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ የሸክላ ሙዚቃ «ሙቀት» አለው፤ ሲዲ ቀዝቃዛ ነው፤ ከስልክ የሚወጣው ደግሞ ሙዚቃ ሳይሆን የሙዚቃ ጥላ ነው፤ ስለዚህ በቤቱ ተቀምጦ ከልቡ ሙዚቃ መስማት የሚፈልግ ሰው ሸክላና ማጫወቻ ይፈልግ። ጽሑፉ በወጣ በማግስቱ ሻይ ቤት አገኘሁትና «ለመሆኑ አንተ ሸክላ ሰምተህ ታውቃለህ?» ስል ጠየቅሁት። ሻዩን አማስሎ አማስሎ፣ «በዩቱዩብ» አለኝ።

ልስቅበት አልፈልግም። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ ከእሱ የምሻል አልነበርሁም። አንድ ሌላ ጓደኛዬ ግን አጎቱ ቤት ሸክላ እንዳለ ነገረኝና አንድ እሑድ ከሰዓት ከፒያሳ ወደ ቀሐ የሚወርደውን መንገድ ይዘን ሄድን። አጎቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሠላሳ የማይሞሉ ትንንሽ ሸክላዎች በብስኩት ካርቶን ውስጥ ቀጥ አድርገው ደርድረዋል። ማጫወቻው እንደ ቦርሳ የሚዘጋ፣ ክዳኑ ራሱ ድምፅ ማጉያ የሆነ፣ በመብራትም በባትሪ ድንጋይም የሚሠራ ነው። ያን ዕለት መብራት አልነበረምና በድንጋይ አስነሡት። አንዱን ሸክላ በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርገው መርፌውን አሳረፉ። መጀመሪያ ሽርርር አለ። ከዚያ ነፋሾቹ ገቡ። ሁለተኛው ሸክላ ላይ ስንደርስ ድንጋዩ ደከመና የዘፋኙ ድምፅ እየወፈረ፣ እየወፈረ ሄዶ በመጨረሻ እንደ በሬ አጉረምርሞ ቆመ። ሦስታችንም ሳቅን።

«ጋሼ፣ እውነት የሸክላ ድምፅ ከስልክ ይበልጣል?» አልኋቸው።

«ምኑን ይበልጣል ልጄ፣ ይኸው እንደሰማኸው ነው። እኛ ያንን ሽርርርታ ሸሽተን አይደል እንዴ ካሴት የገዛነው!»

ጓደኛችን ይህን መልስ ቢሰማ ይከፋዋል። ግን ነገሩን በጥሞና ብናየው እውነታው ከመምህሩ ጋር ነው። ሸክላ ማለት ፈር ነው። መርፌው እንደ ማረሻ በፈሩ ውስጥ ይሄዳል፤ ፈሩ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ መርፌው አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ያ መንቀጥቀጥ ነው ድምፅ የሚሆነው። ትልቁ ሸክላ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ ይዞራል። ከዳር ሲጀምር በአንድ ዙር ረጅም መንገድ ይጓዛል፤ ወደ መሐል ሲጠጋ ዙሩ ያጥራል፤ ያው መጠን ያለው ድምፅ በጠባብ ቦታ ይጨናነቃል። ስለዚህ በአንድ ገጽ ላይ የመጨረሻው ዘፈን ከመጀመሪያው ይልቅ ደፍረስ ይላል። ሲዲ እንዲህ ያለ ችግር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ የዋለው ሲዲ (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካላልሁ በስተቀር ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ በቁጥር ይመዘግባል። በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል የሚይዘው ርቀት 96 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ጥሩ የተባለው ሸክላ ግን ከ70 ብዙም አያልፍም። ሰዎች «ነፍስ» የሚሉት ጭርጭርታ አቧራና ጭረት ነው። ጉዳት ነው። ጭርጭርታውን መውደድ መብት ነው፤ ግን ያንን የሙዚቃው ውበት ነው ማለት ፋሲል ግቢ ያማረው ስለፈራረሰ ነው እንደ ማለት ነው።

ይሁንና ስለ ስልክ የጻፈው ግማሹ ልክ ነው። ከገበያ ወይም ከቴሌግራም የምናወርደው ኤምፒ3 ብዙውን ጊዜ በሲዲው ላይ ከነበረው ቁጥር ዐሥር እጅ አንድ እጅ ገደማውን ብቻ የያዘ ነው፤ የቀረውን «ጆሮ አያስተውለውም» ብሎ ኮምፒዩተሩ ይጥለዋል። ይህም ቢሆን ባልከፋ፤ የሚከፋው ድምፅ ማጉያው ነው። የስልክ ማጉያ ከጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ ወፍራሙን ድምፅ ሊያወጣ አይችልም። በገናን በስልክ ስሙ፤ የዓለሙ አጋን ለምሳሌ። የበገና ክብሩ ወፍራምነቱ ነው፤ ደረት ውስጥ ገብቶ ይነዝራል። በስልክ የሚሰማው ግን ከላይ ያለው ዝዝዝታ ብቻ ነው፤ በስልክ ብቻ የሰማ ሰው በገናን የንብ ቀፎ ነው ቢል አይፈረድበትም። ጆሮ ማዳመጫ ብንሰካ ይሻላል። ግን ያን ጊዜ አንዱ ጆሮ ለእኔ፣ አንዱ ለጓደኛዬ ይሆንና ሙዚቃው የቤት መሆኑ ይቀራል። እናት ከማጀት፣ እንግዳ ከመደብ ሆነው አብረው የሚሰሙት ነገር አይሆንም።

እንግዲህ በድምፅ ጥራት ቢዳኝ ባለድሉ ሲዲ ነው፤ ሲዲ ማጫወቻ ግን ዛሬ በየቤቱ የፎቶ ማስቀመጫ ሆኗል። ስለዚህ በድምፅ ጥራት መከራከሩን እዚህ ላይ ልተወው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጓደኛችን ሸክላን ሲያወድስ ሸክላው እንዴት ወደ አገራችን እንደገባና እንዴት እንደወጣ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሸክላ የተቀዳው ገና በምኒልክ ዘመን፣ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን በተላኩ ጊዜ ነው፤ 1908 ገደማ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ለረጅም ጊዜ የመንግሥትና የማኅበር ሆኖ ኖረ። ከ1948 ጀምሮ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። በ1969 አቶ አምሃ እሸቴ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው፣ ያንን ብቸኛ መብት ደፍረው የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አገር አሳትመው አስመጡ። ሊታሰሩ ይችሉ ነበር። አምሃ ሬከርድስ እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ከዚያ ባለቤቱ ተሰደዱ፤ በ2021 ዐረፉ፤ በዚያው ዓመት አለማየሁም ተከተላቸው። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የሸክላ ዘመናችን በሙሉ እንግዲህ ዐሥር ዓመት እንኳ በቅጡ አይሞላም።

ከዚያ ካሴት መጣ። ጓደኛችን ካሴትን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም «ርካሹ» ብሎ ጠቅሶታል። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ መግባት ነበረበት፤ ካሴት ደግሞ አብሮት ቤት ገባ። ሙዚቃ ቤት ለቤት መሰማት የጀመረው፣ ገጠር ድረስ በቴፕ የወረደው፣ ሰው ከሰው እየገለበጠ የወሰደው በካሴት ነው። ሸክላ የነበራቸው የከተማ ሰዎች፣ መምህራን፣ መኮንኖች፣ ቡና ቤቶች ነበሩ። በጥቂት ሰው ሳሎን የተሰማውን «የሕዝባችን የሙዚቃ ሕይወት» ብሎ መጻፍ፣ በበኩሌ፣ የታሪክ ስሕተት ነው።

አሁን ደግሞ ይህን ተመልከቱ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአሜሪካ ሆኖ «ሸሞንሟናዬ» ያለበትን ሥራ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ቀዳ፤ እዚህ አገር በካሴት ወጣ። ዓመታት አለፉ። ኃይሉ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ እዚሁ ጎረቤታችን ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ ካሴቱን አገኘው፤ ባለቤቱን ፈልጎ አነጋገረው፤ በ2013 በሸክላና በሲዲ ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። እሰየው ነው፤ እኔ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። ግን ጓደኛችን «የሸክላው ሙቀት» እያለ ያደነቀው በዩቱዩብ የሰማውን ይኸንን ሸክላ ነው! ከካሴት ተገልብጦ፣ በኮምፒዩተር ታጥቦ፣ በፕላስቲክ የታተመ፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ወደ ስልክ የገባ። በዚህ መንገድ ላይ ሸክላው የት ጋ ነው ሙቀቱን የጨመረው? በአሜሪካ በ2022 ከ1987 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሲዲ ይልቅ ሸክላ በቁጥር በልጦ ተሸጧል፤ 41 ሚሊዮን ለ33 ሚሊዮን። እዚያ ሰው ሸክላን የሚገዛው በእጁ የሚይዘው ነገር ስለፈለገ ይመስለኛል። ያ የእነሱ ረኃብ ነው። «ሙቀት» የምትለዋ ቃልም ከዚያው የመጣች ናት፤ መምህሩ አንድም ጊዜ አልተጠቀሙባትም።

የእኛ ረኃብ የትኛው እንደሆነ ያስተማረችኝ ግን የአንዲት መነኩሲት ሙዚቃ ናት።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ እኅት ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር በግዞት ኖሩ፤ በሃያ አንድ ዓመታቸው ግሸን ማርያም መነኰሱ። በ1960ዎቹ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለመማር የመጡት ወዴት ነው? ወደዚሁ ወደ ጎንደር። ጠዋት ማታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ የቆሎ ተማሪዎች ደጀ ሰላሙ ላይ ውጭ ሲያድሩና ምግባቸውን ሲለምኑ ያዩ ነበር። ልባቸው ተነካ፤ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ያላቸው ሙዚቃ ነበርና በሙዚቃቸው እነዚህን ልጆች ለመርዳት ቆረጡ። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1967 ጀርመን አገር ታተመ፤ ገቢውም ለድኾች መርጃ ነበር። ልብ በሉ፤ ያ ሸክላ የተፀነሰው በዚች ከተማ፣ እኛ በየቀኑ በምናልፍባቸው ደጆች ላይ ነው።

እኔ ይህን ያወቅሁት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ነው። ዜማቸውን የሰማሁትም በስልክ ነው። በ2006 በፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 21ኛ ሆኖ በሲዲ ወጥቷል፤ ሚሲሲፒ ሬከርድስ የተባለ የአሜሪካ አሳታሚም በሸክላ ደጋግሞ አትሞታል፤ በ2020 የወጣው «ታይም» የተባለው ፊልም በእሳቸው ፒያኖ ታጅቧል። እሳቸው በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። በዓመቱ፣ በ2024፣ ድሮ አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ ራሳቸው በቴፕ እየቀዱ ያስቀመጡት መዝሙርና እንጉርጉሮ ታተመ። የመጀመሪያው የጀርመን ሸክላ ዛሬ በሰብሳቢዎች መደርደሪያ ላይ ነው፤ ዋጋውም ለተማሪ ኪስ የሚነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ይረዳበታል ተብሎ የታተመ ሸክላ፣ የቆሎ ተማሪም የዩኒቨርሲቲ ተማሪም የማይነካው ዕቃ ሆነ። እኔ ልሰማቸው የቻልሁት ጓደኛችን «ጥላ» ባለው በስልክ ነው። የግራ እጃቸውን ወፍራም ድምፅ ስልኬ ይበላዋል፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ባይኖር ኖሮ ጭራሽ አልሰማቸውም ነበር። ስለዚህ ሸክላ ይመለስ ሲባል ወደ ማን ነው የሚመለሰው ብዬ እጠይቃለሁ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ከጎንደር ሆኖ ስለ ሙዚቃ የሚጽፍ ሰው አዝማሪን ዘልሎ ማለፍ የለበትም። ቡርቧክስን የመሰለ የአዝማሪ መንደር አጠገባችን አለ፤ ጃፓናዊው ኢትሱሺ ካዋሴ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ስለ ከተማችን አዝማሪዎችና ላሊበሎች ፊልም ሠርቷል። ጠጅ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ፊትህ ይቆማል፣ ያይሃል፣ ስምህን ይጠይቃል። አንተም «ተቀበል!» ብለህ ስንኝ ትሰጠዋለህ፤ እሱ ተቀብሎ፣ ቀምሞ፣ አንዳንዴም አንተኑ ወግቶ ይመልስልሃል። ነገሩ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ትንሿ ሸክላ በአንድ ገጿ ሦስት፣ ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው የምትይዘው። አዝማሪው ሸክላ ላይ ሲወጣ ከፊቱ ያለው ሰው ጠፋ፤ ስንኙ ተቆረጠ፤ ማንንም የማይወጋ ዘፈን ሆነ። በዚህ በኩል ስልክ ከሸክላ ይሻላል፤ አንድ ሙሉ ምሽት ይቀርጻል፤ ሳቁም፣ የብርሌው ቅጭልታም፣ «ተቀበል» ያለው ሰው ድምፅም ይገባል። ጓደኛችን ግን «ዲጂታል ነፍስ የለውም» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሶታል።

እስከ አሁን ሸክላን ብቻ ስወቅስ ስልክን የማመልክ መስዬ ከሆነ አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የት እንዳለን አየን። ለወራት ዩቱዩብ የለም፣ ቴሌግራም የለም። «የእኔ» የምንለው ሙዚቃ ሁሉ የሰው አገር መጋዘን ውስጥ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባን። የተረፈው በሚሞሪ ካርድ የተጫነው ብቻ ነበር። «ሙዚቃ እንጭናለን» የሚል ወረቀት የለጠፉ ሱቆች እንደገና ነፍስ ዘሩ፤ እኔም ሄጄ በፍላሽ አስጫንሁ። ቤቴ ገብቼ ስከፍተው ዝርዝሩ «ትራክ 07»፣ «የድሮ ምርጥ 3»፣ «አዲስ ፋይል» ይላል። አንዳንዱ ዘፈን ላይ በዘፋኙ ስም ቦታ የጫኝው ስልክ ቁጥር ተጽፏል! ማን ዘፈነው? በየትኛው ዓመት? ማን ደረሰው? የት ታተመ? ምንም የለም።

ሸክላን ልቤ የፈቀደው እዚህ ላይ ነው። በመሐሉ ያለችው ክብ ወረቀት የዘፋኙን ስም፣ የባንዱን ስም፣ የአሳታሚውን ምልክትና ተራ ቁጥሩን ይዛለች። (እውነቱን ለመናገር እሷም ብትሆን ትራምፔቱን ማን እንደነፋው ብዙ ጊዜ አትነግርም። ለአጃቢ ሙዚቀኛ ያለን ንቀት ከስልክ በፊት የነበረ ነው።) ሸክላውን የሰማ ሰው ሳይወድ በግዱ ያነባል፤ ለመገልበጥ ይነሣልና። በስልክ የሚሰማ ሰው ግን ምኑን ያነባል? ፋልሴቶም «ኢትዮፒክስ»ን ሲያዘጋጅ ትልቁ ሥራው ድምፁን ማጽዳት ብቻ አልነበረም፤ ማን ምን እንደሠራ ጠይቆ መጻፍ ነበር። የጻፈው ግን በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው። ስለ ራሳችን ሸክላዎች በደንብ የተጻፈውን ለማንበብ አንድ የጎንደር ልጅ በሁለት የባዕድ ቋንቋዎች በር መግባት አለበት። «አውታር» የተባለው የስልክ መተግበሪያ በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ኤልያስ መልካን የመሰሉ ሙዚቀኞች ራሳቸው ስለመሠረቱት፣ ቢያንስ ስምና ክፍያ ለባለቤቱ ይደርሳል የሚል ተስፋ ነበር። የድሮውን ሸክላ ግን አዲስ መተግበሪያ ብቻውን አይደርስለትም፤ ወረቀቷን አይቶ የሚገለብጥ ሰው ያስፈልገዋል።

በነሐሴ ወር መጨረሻ ብቻዬን ወደ መምህሩ ቤት ተመለስሁ፤ አራት አዲስ ባትሪ ድንጋይ ገዝቼ ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ምን አስቸገረህ? ተማሪ ነህ እኮ» አሉኝ፤ ግን ደስ አላቸው።

«ጋሼ፣ ከፈቀዱልኝ ወረቀቶቹን ልገልብጥ ነው የመጣሁት።»

«የምኖቹን ወረቀቶች?»

በጣቴ አሳየኋቸው። የብስኩቱን ካርቶን አወረዱልኝና መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥን። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ያነባሉ፤ እኔ በደብተር እጽፋለሁ፤ የተጻፈው ሸክላ ደግሞ ይዘፈናል። ስማቸው የለቀቀውን እሳቸው በጆሯቸው ይለዩታል፤ «ይቺ የክብር ዘበኛ ባንድ ናት፣ ክላሪኔቷን አታውቃትም?» ይሉኛል፤ እኔ አላውቃትም፤ «በመምህሩ ቃል» ብዬ ከጐኑ እጽፋለሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ሸክላ ከተጻፈ በኋላ አንዲት ወረቀቷ ሙሉ በሙሉ የተላጠች ሸክላ መጣች። ገለበጧት፤ በሌላውም ገጽ የለም። መርፌውን አሳረፉና ሁለታችንም ዝም ብለን ሰማን። የሴት ድምፅ ነው፤ ክራር አለበት። አስናቀች ወርቁ ትሆን? ብዬ ጠየቅሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አይደለችም። እስከ መጨረሻው ሰሙና መርፌውን አንሥተው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት።

ተራ ቁጥር 20 ብዬ ጽፌያለሁ። ከጐኑ ያለው ቦታ ክፍት ነው።